በዛብህ የተማረው ለማን ነበር?

ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ያልተባለ ነገር የቀረ አይመስልም። በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ የፍቅር መጽሐፍ ተብሏል፤ የባላባቱን ሥርዓት ያጋለጠ መጽሐፍ ተብሏል፤ የአማርኛ ልብ ወለድ ቁንጮ ተብሏል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ከተረከው ወዲህ ደግሞ አንድ ገጽ ገልጦ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ሰብለ ወንጌልን ያውቃታል። ሁሉም ልክ ነው። በቅርቡ እንደገና ሳነበው ግን ከፍቅሩም ከባላባቱም ይልቅ ዐይኔን የያዘው ሌላ ነገር ሆነ። ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያንቀሳቅሰው ትምህርት ነው። በዛብህ ባይማር ከማንኩሳ አይወጣም፤ ዲማም አይደርስም። ዲማ ባይደርስ የፊታውራሪ መሸሻን ደጃፍ የሚረግጥበት ምክንያት የለውም። የገበሬ ልጅ ከባላባት ልጅ ጋር ፊት ለፊት ሊቀመጥ የሚችልበት አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ እሱም አስተማሪ መሆን ነው። ትምህርት እዚያ ቤት አስገባው። ማግባት ሲመጣ ግን ያው ትምህርት ምንም አልፈየደለትም።

ስለ ትምህርትና ማኅበረሰብ የሚጽፉ የሶሲዮሎጂ ሰዎች ብዙ ቢሆኑም ክርክሩን ሁለት ሰፈር አድርጎ ማየት ይቻላል። አንደኛው የኤሚል ዱርካይም ሰፈር ነው። ለዱርካይም ትምህርት ማለት ታላቁ ትውልድ ታናሹን ለማኅበራዊ ኑሮ የሚያበቃበት መንገድ ነው። ትምህርት ቤት ልጁን ከእናቱ ጓዳ አውጥቶ የአገር ሰው ያደርገዋል። አሜሪካዊው ታልኮት ፓርሰንስ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ጽሑፍ ይህንን ገፋ አድርጎ፣ ክፍል ውስጥ ልጆች በአንድ መስፈሪያ ይለካሉ፣ የበረታ ወደፊት ያልፋል የሚል ሥዕል ሰጠን። ሁለተኛው ሰፈር በዚህ ሥዕል ይስቃል። ፈረንሳዮቹ ፒየር ቡርዲዩና ዣን ክሎድ ፓስሮን እ.ኤ.አ. በ1964 «ወራሾቹ» ብለው ባወጡት መጽሐፍ፣ ትምህርት ቤት ተሰጥኦ እያለ የሚያሞግሰው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከቤት የተወረሰ ነው ይላሉ። መጽሐፍ ከሞላበት ቤት የመጣ ልጅ የአስተማሪውን ቋንቋ ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶት ይመጣል። ከገበሬ ቤት የመጣው ያንኑ ቋንቋ እንደ ባዕድ ቋንቋ ሀ ብሎ ይጀምረዋል። ሁለቱ በአንድ ፈተና ይለካሉ፤ አንዱ ጎበዝ ሌላው ደካማ ተብሎ ይጻፋል፤ ውርሱም በዚያው ብልጫ የሚባል የክብር ስም ያገኛል።

«ወራሾቹ» ፓሪስ ላይ በወጣ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ «ፍቅር እስከ መቃብር» አዲስ አበባ ላይ ወጣ። ሐዲስ ዓለማየሁ ቡርዲዩን አንብበዋል ለማለት አይደለም። ቡርዲዩ ራሱ ከገበሬ ዘር የወጣ የገጠር ፖስታ ቤት ሠራተኛ ልጅ ነበር፤ ሐዲስም ከጎጃም ገጠር ነው የወጡት። ሁለቱም ከታች በትምህርት ወደ ላይ የወጡ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ዘወር ብለው የወጡበትን መሰላል መመርመራቸው እንግዲህ አይገርምም። የሚገርመው፣ እንደኔ አስተያየት፣ የእኛው ልብ ወለድ ከሁለቱም ሰፈር የራቀ ነገር ማየቱ ነው።

ከመነሻው እንጀምር። በዛብህ ትምህርት የጀመረው ለማወቅ ጓጉቶ አይደለም፤ አባቱ ቦጋለ መብራቱ ልጄ ትልቅ ሰው ይሁንልኝ ብሎም አይደለም። ልጁ በሽተኛ ነበር፤ እናቱ ውድነሽ በጣሙ በሕይወት ቢቆይላት ለቤተ ክርስቲያን ልትሰጠው ተሳለች። ስለት ነው። ስለዚህ የበዛብህ ትምህርት ገና ከጅምሩ ዕዳ ነው፤ ያውም ሌላ ሰው በስሙ የተበደረው ዕዳ። ይህንን ዕዳ የሶሲዮሎጂ መጻሕፍት እምብዛም አይነኩትም። አንዱ ሰፈር ትምህርትን ማኅበረሰቡ ለልጁ የሚሰጠው ስጦታ ያደርገዋል፤ ሌላው ሀብታም ለልጁ የሚያወርሰው ርስት ያደርገዋል። ልጁ ራሱ የስለት መክፈያ የሚሆንበት ቤት ግን ከሁለቱም ውጭ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ እንዲህ ያለው ቤት ብዙ ነው። ስለቱ በእግዚአብሔር ፊት ላይሆን ይችላል። በሬ የተሸጠበት፣ እህት ከትምህርት ቀርታ እንጀራ የጋገረችበት ተማሪም ስለት ነው።

የቤተ ክህነት ትምህርት ግን ራሱን የቻለ ዓለም ነበረው። ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዚያ ወደ ቅኔ ቤት፣ ሲበረታም ወደ መጽሐፍ ቤት የሚወስደው መንገድ በእግር የሚሄዱበት፣ በልመና የሚቆዩበት መንገድ ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ ይለምናል። ከደህና ቤት የመጣውም ይለምናል፤ ልመናው የትምህርቱ ክፍል ነውና። ቅኔ ቤት ውስጥ የማን ልጅ ነህ የሚል ጥያቄ ዋጋ የለውም፤ ወይ ቅኔው ቤቱን መትቷል ወይ ስቷል። ፓርሰንስ ያለው አንድ መስፈሪያ እውነት የሆነበት ቦታ ቢፈለግ፣ ከቺካጎና ከቦስተን ክፍሎች ይልቅ የጎጃም ቅኔ ቤት ሳይቀርብ አይቀርም። ገበሬውም የገበሬ ልጅ የኔታ ሊባል፣ መሪጌታ ሊባል፣ ባላባት ሳይቀር እጅ ሊነሳው እንደሚችል ያውቃል።

በዛብህ ያንን መስፈሪያ አልፏል። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን እንዲያስተምርላቸው የመረጡትም ስላለፈ ነው። እዚህ ላይ ሐዲስ ያደረጉት ነገር በጣም ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ስለ ትምህርት ከተጻፉ ብዙ ወፍራም መጻሕፍት የበለጠ ያስረዳል። አንድ ፊደል ነው፤ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በሁለት ሰዎች መካከል ነው። ለበዛብህ ፊደል እንጀራው ነው። ለሰብለ ጌጥ ነው፤ እንደ አንገት ሐብል የባላባት ልጅ የምትጨምረው ክብር። ዕውቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ ዋጋው እንደ ባለቤቱ ይለያያል። የፊታውራሪው ልጅ ፊደሉን ባትቆጥርም የፊታውራሪ ልጅ ናት። አስተማሪዋ ፊደሉን ቢወስዱበት ማንኩሳ ይመለሳል። ቡርዲዩ በገጽ ብዛት የገለጸው ነገር እዚህ በአንድ አቀማመጥ አለቀ።

ፊታውራሪ ለልጃቸው ባል ሲመዝኑ ደግሞ ዕውቀት የሚባል ነገር ሚዛኑ ላይ አይወጣም። የሚወጣው አጥንት ነው። እሳቸው ደግሞ ለዚህ ሚዛን ታማኝ ናቸው፤ ዘሩ አይመጥንም እያሉ ጠያቂውን ሁሉ ሲመልሱ የገዛ ልጃቸው ዕድሜዋ ሊያልፍ ደርሷል። ከፋች ሰው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ ግን ፊታውራሪን እንደ አንድ ፈታኝ አያቸዋለሁ። ትምህርት ቤት ምንም ያህል ፈተና ቢደረድር የመጨረሻውን ፈተና የሚፈትነው ሌላ ነው፤ ልጁን ማን ያገባዋል፣ ማን ቤቱ ይጠራዋል፣ ማን አጠገቡ ያስቀምጠዋል የሚለው። ያ ፈተና የተማሩትን አይጠይቅም።

እስከዚህ ድረስ ልብ ወለዱ ከቡርዲዩ ጋር የሚስማማ ይመስላል። ነገር ግን ሐዲስ እዚህ ላይ አያቆሙም። ጌጥ ይሆናል ተብሎ የገባው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከገባ በኋላ የታሰበለትን ሥራ ብቻ አልሠራም። በትምህርቱ ሰዓት የቤቱ ሥርዓት ይገለበጣል። የሚያውቀው የገበሬው ልጅ ነው፤ የምትጠይቀው የጌታው ልጅ ናት። ለጥቂት ጊዜም ቢሆን በሁለት ሰዎች መካከል ዘር የማያግደው ንግግር ይኖራል። ፍቅሩ ከዚያ መጣ። ብዙ ጊዜ ፍቅሩ እንደ ድንገተኛ መብረቅ ይተረካል፤ ደጋግሜ ሳነበው ግን የማስተማር ውጤት ሆኖ ነው የሚታየኝ። እኩልነትን የቀመሱት በዚያ ሰዓት ነው። አባትየው በገንዘባቸው የገዙት ፊደል እሳቸው ሊገቡበት የማይችሉት የሁለት ሰዎች ቋንቋ ሆነ። የሁለተኛው ሰፈር ሊቃውንት በአብዛኛው የሚዘሉት ይኼንን ነው። ትምህርት ያለውን ሥርዓት ይደግማል ሲሉ ልክ ናቸው፤ ግን አንድን ሰው ለማስተማር አጠገቡ መቀመጥ ያስፈልጋል፤ አጠገብ መቀመጥ ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ማንም አስቀድሞ አይቆጣጠረውም።

ስለ ጉዱ ካሳ ብዙ ስለተጻፈ ብዙ አልልም። አንድ ነገር ብቻ። ካሳ ዳምጤ በዲማ የማኅበሩን አሠራር ያየ ብቸኛ የተማረ ሰው ነው፤ ማኅበረሰቡን የታችኛው የላይኛውን ተሸክሞ ከሚኖርበት የድንጋይ ካብ ጋር ሲያመሳስል የኛ አገር የመጀመሪያው የልብ ወለድ ሶሲዮሎጂስት ብንለው አያንሰውም። ሰዎቹ ግን እብድ አሉት። ለምን እብድ? ለምን ከሐዲ፣ ለምን ወንጀለኛ አላሉትም? የቤቱ ዘመድ ስለሆነ ነዋ! ያንኑ ነገር በዛብህ ቢናገረው ግርፋት ነበር የሚጠብቀው። መተቸት እንኳን ዘር ይፈልጋል፤ ባለዘሩ ሲተች ጉድ ይባላል፣ ይሳቅለታል፣ ራት ይቀርብለታል። ዛሬም ማን ምን ሊተች እንደሚፈቀድለት ስናይ ይህች የሐዲስ ትዝብት አላረጀችም።

ልብ ወለዱ ውስጥ ፊታውራሪን በርግጥ የገዳደረው ደግሞ የተማረ ሰው አይደለም። አበጀ በለውና ገበሬዎቹ ናቸው። የማይገባ ግብር ሲጠየቁ እምቢ አሉ፤ ጌታውንም ማረኩ። ካሳ ያየውን እነሱ አደረጉት። ሐዲስ ግን ሁለቱን አላገናኙም፤ የካሳ ዕውቀት በካሳ አንደበት ይቀራል፤ የገበሬዎቹ ድርጊትም በዚያች ውጊያ ያበቃል። ይህ የመጽሐፉ ድክመት ነው የሚሉ አሉ። እኔ እንደ ዘመኑ ታማኝ ምስክርነት እወስደዋለሁ፤ በዚያ ጊዜ የተማረውና ያልተማረው የሚገናኙበት ቦታ አልነበረም። ድክመት የምለው ሌላውን ነው፤ እሱን ኋላ እመለስበታለሁ።

የደራሲው የራሳቸው ሕይወት በዚህ ላይ ጥላ ይጥላል። ሐዲስ በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ቀስመው አዲስ አበባ መጥተው ዘመናዊውን ተማሩ፤ መምህር ሆኑ፤ በወረራው ዘመን ዘምተው ተማረኩና ጣሊያን አገር ዓመታት ታሰሩ፤ ኋላ ዲፕሎማት፣ የትምህርት ሚኒስትርም ሆኑ። በ1948 ዓ.ም. «የትምህርትና የተማሪ ቤት ትርጉም» የሚል መጽሐፍ አሳትመዋል፤ ልብ ወለዱ ከመውጣቱ 10 ዓመት በፊት ማለት ነው። እንግዲህ ስለ ትምህርት የሚያስብ፣ በትምህርት ያለፈለት ሰው ነው በዛብህን የገደለው። የደራሲው መንገድና የገጸ ባሕርዩ መንገድ ዲማ አካባቢ አብረው ይሄዱና ይለያያሉ። ሐዲስ ራሳቸውን እንደ ምሳሌ አድርገው ‹‹ያነበበ ያልፍለታል›› የሚል ታሪክ መጻፍ ይችሉ ነበር። ያላለፈለትን መረጡ።

እሳቸው ያላገናኟቸውን ሁለቱን፣ ማለትም የተማረውንና ገበሬውን፣ ዘመኑ በራሱ መንገድ ሊያገናኛቸው ሞከረ። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908፣ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈቱ፣ በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ሲመሠረት የታሰበው ለመንግሥት ታማኝ ሹማምንት ማፍራት ነበር። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ግን የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ። ገበሬ ሆነው አይደለም፤ ስለ ገበሬ ተምረው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የወጣው በዓመቱ ነው። የደራሲው ካሳ አሁን ብቻውን አልነበረም፤ በመቶ የሚቆጠር ካሳ በየማደሪያው ተኝቷል።

ከዚያ ደግሞ የትምህርት ዘርፍ ግምገማው መጣ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተጠናው ይህ ዕቅድ በወረቀት ላይ ሲታይ የድሀ ወገን ይመስላል፤ ለብዙኃኑ ልጅ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይዳረስ፣ ከዚያ በላይ የሚያልፈው ቁጥር ይገደብ የሚል ነበር። መምህራኑና ወላጆች ግን ሌላ ነገር አነበቡበት። የድሀ ልጅ አራት ዓመት ተምሮ ወደ እርሻው ይመለስ፣ የባለሥልጣን ልጅ ይቀጥል ማለት ነው አሉ። በየካቲት 1966 መምህራኑ አድማ መቱ፤ ታክሲዎችም ቆሙ፤ መንግሥቱ ዕቅዱን አገደ። ለአብዮቱ መቀጣጠል ምክንያት ከሆኑት አንዱ ይኸው ነው። ስለዚህ ክስተት ሳስብ ከሁለቱም የሶሲዮሎጂ ሰፈር የማላገኘው ነገር አለ። ወላጆቹ መሰላሉ ጥቂቶችን ብቻ እንደሚያወጣ አይተዋል፤ የጎረቤት ልጅ ወድቆ ሲመለስ በየዓመቱ ያያሉ። ነገር ግን መሰላሉ ይነሣ ሲባል ለመሰላሉ ተነሡ። ተታለው ነው የሚል ሊቅ ካለ ወላጆቹን አያውቃቸውም። ጠባብም ቢሆን በር በር መሆኑን ከማንም በላይ የሚያውቀው ውጭ የቆመ ነው።

ያ በር ዛሬ ምን ያህል ነው? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ። በሁለቱም ዓመታት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ ናቸው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ተሰጥቶ ኩረጃው ስለቀነሰ እውነተኛው ገጽ ተገለጠ ተባለ፤ ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን የተገለጠው ገጽ የማን ነው? አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ በሙሉ ሲወድቅ ስለ ተማሪው ስንፍና ማውራት ይከብዳል። የቅኔ ቤቱ መስፈሪያ ቢያንስ አንድ ደግነት ነበረው፤ የወደቀው ተማሪ ሌላ የኔታ ፍለጋ ወደ ሌላ ደብር መሄድ ይችላል፤ ዕድሜ ልክ የሚከተለው ወረቀት የለም።

ወረቀት ካልን፣ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ቢያንስ 8ኛ ክፍል ያጠናቀቀ እንዲሆን ደንግጎ ነበር፤ አዋጁ ኋላ ተሻሽሏል። ዓላማው ልጃገረዶቹን ከጉዳት መጠበቅ ነው፤ ክፋት የለበትም። ነገር ግን ነገሩን ከበዛብህ ጎን አስቀምጡት። የባላባት ቤት ለመግባት ቅኔ ያስፈልግ ነበር፤ ሪያድ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት ለመግባት የ8ኛ ክፍል ወረቀት። በሁለቱም ቤት ወረቀቱ የሚያገለግለው እስከ ደጁ ነው። ከደጁ ወዲያ ምን ተማርሽ የሚል የለም።

እኛ አሜሪካና አውሮፓ ያለነውስ? እዚህ ላይ ነው ቀደም ሲል ድክመት ያልኩት የሚመጣው። ሐዲስ በዛብህን ወደ አዲስ አበባ ያሸሹታል፤ ከዚያ ግን ታሪኩን ወደ መንገድና ወደ መቃብር ይመልሱታል። ሞት ሁሉንም ቋጠሮ ስለሚፈታ ምቹ ነው። እኔ ማወቅ የምፈልገው በዛብህ አዲስ አበባ ቆይቶ ቢያረጅ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ነው። ቅኔውን ይዞ፣ ፈረንሳይኛ የተማሩ ጸሐፊዎች ባሉበት ከተማ፣ ሥራ ሲጠይቅ። ዲማ ላይ ወርቅ የነበረው ዕውቀት እዚያ ምን ይመነዘራል? ዕውቀት እንደ ገንዘብ ነው፤ ድንበር ሲሻገር ተመኑ ይለወጣል፤ አንዳንዱም ጨርሶ አይመነዘርም። ይህን ምዕራፍ ደራሲው አልጻፉልንም፤ በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ የመኪና ማቆሚያዎች ግን በየቀኑ ይነበባል። አገር ቤት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ትኬት ይቆርጣል፤ የሕግ ዲግሪ ያለው ታክሲ ይነዳል። ሥራ ክቡር ነው፤ ቅሬታዬ በሥራው አይደለም። ዲግሪው ግን ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ለእንግዳ ይታያል፤ ለሰብለ የነበረውን ዓይነት ሥራ ይሠራል፤ ጌጥ ነው።

ከዚያ ፊታችንን ወደ ልጆቻችን እናዞራለን። ሐኪም ትሆናለህ፣ ኢንጂነር ትሆኛለሽ። ይህንን የስግብግብነት ምልክት አድርገው የሚጽፉ ወጣቶች አሉ፤ አልስማማም። ልጁ ሌሊት ሌሊት ሲነዳ ያደረው አባቱ ያልመነዘረውን እንዲመነዝርለት ነው የሚጠየቀው። ልጁም ይህንን ያውቃል፤ ሒሳብ ሲወድቅ የሚያፍረው ከመምህሩ በላይ ስለ አባቱ ሌሊት ነው። አንዳንዱ ይከፍላል፤ ሐኪም ይሆናል፤ ሠርጉ ላይ ስሙ ከነማዕረጉ ይጠራል። አንዳንዱ በ20 ዓመቱ ትምህርቱን ጥሎ ሙዚቃ ጀመርኩ ይላል፤ ቤቱ ለቅሶ ቤት ይሆናል። እናት ለማኅበር ጓደኞቿ ‹‹ምን አጎደልንበት?›› ትላለች። ምንም አላጎደሉበትም፤ ያ ነው የከበደው።

ውድነሽ በጣሙም በልጇ ላይ ክፉ አላሰበችም። እንዲኖርላት ነው የተሳለችው፤ ኖረላትም። በዛብህን ግን የጠየቀው ሰው አልነበረም።